የጣና ነጭ ዓሣ ስለ ምን አነሰ?



በዓቢይ ጾም ወራት በአዲስ አበባ ከአራዳ እስከ እሪ በከንቱ ዓሣ ፈላጊው ይበዛል። በላተኛው ስለ ዋጋው መወደድ ይናገራል እንጂ ዓሣው መቼና ከየት እንደ ተጠመደ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ የአንድ ሐይቅ ዓሣ መትረፉና ማለቁ በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። ለዚህም የጣና ሐይቅ ምስክር ይሆነናል።

በሐይቅ ያለ ዓሣ በባንክ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ነው። ወላጆቹ ዋናው ገንዘብ፥ በየዓመቱ ተፈልፍለው የሚያድጉት ጫጩቶች ወለዱ ናቸው። ወለዱን ብቻ የሚያወጣ ሰው ሀብቱ አይጎድልበትም። ከዋናው የሚያወጣ ግን በሚመጣው ዓመት ወለዱም ያንስበታል።

ነገር ግን የዓሣ ሁሉ ወለድ እኩል አይደለም። ቆሮሶ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይራባል፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ነጭ ዓሣ ግን እድገቱ ዝግተኛ ሲሆን የሚራባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በጣና ከ10 በላይ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለ ለየው፥ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከእነዚህም ሰባት የሚያህሉት ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው እንደ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ በጠጠራማው ስፍራም እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ቀድሞ የወይጦ ሰዎች በደንገል ታንኳ በሐይቁ ዳርቻ ሲያጠምዱ ጉዳቱ እምብዛም አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። አጥማጁም ዓሣው በወንዙ አፍ የሚሰበሰብበትን ወቅት ስለሚያውቅ መረቡን በዚያው ዘረጋ። በወንዞቹም ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃውን የሚመርዝ ነበረ።

ከዚህም የተነሣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሊቃውንት በሐይቁ ደቡብ በመረብ መዝነው እንዳረጋገጡት፥ የነጭ ዓሣው ክብደት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ቀነሰ። የጫጩቱም ቁጥር ከዚያ ይበልጥ አሽቆለቆለ። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የነጋዴው መረብ ዓይኑ ሰፊ ስለ ነበረ ጫጩት አይይዝም ነበር። ታዲያ ጫጩቱ ወዴት ሄደ ቢባል፥ እናቶቹ ሳይወልዱ ስለ ተያዙ መጀመሪያውኑ አልተፈለፈለም። ዋናው ገንዘብ ወለድ ሊሰጥ በተቃረበበት ሰዓት ወጥቶ አለቀ ማለት ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ዓሣ ማጥመድን መከልከል አይደለም፤ ብዙ ቤተ ሰብ የሚተዳደረው በእርሱ ነውና። ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣባቸው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የወንዞቹን አፍ ከመረብ ነፃ ማድረግ፥ በቀረው ጊዜ ግን በሐይቁ ላይ በልክ ማጥመድ ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ወዲህ ሕግ የለም ለማለት አይቻልም። ሕጉ በጋዜጣ መታተሙ ብቻ ግን ዓሣውን አያድነውም፤ በክረምት፥ በዝናብ፥ በወንዙ ዳር ቆሞ የሚያስከብረው ሰው ያስፈልጋል።

ላም የታረደች እንደ ሆነ ሌላ ላም ከገበያ ይገዛል። የጣና ነጭ ዓሣ ካለቀ ግን ከየትም ገበያ አይገዛም።