የሰርቨር ጠባቂ ሥራው ምንድን ነው?



ከእናንተ አንዳንዶች፣ «ለእህልና ለመድኃኒት መዋል የሚገባው ገንዘብ ስለ ምን ለኮምፒውተር ሠራተኛ ይከፈላል?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ በአጭሩ እንመልሳለን።

በሰሚት ባለው የፕሮጀክት ቢሮአችን፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ሌሊትና ቀን ይሠራል። የምንረዳቸው ልጆች መዝገብ፣ የሕክምና ካርዳቸው ቁጥርና የሒሳቡ ደብተር በእርሱ ላይ ናቸው። የሚሠራውም ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ነው። ይህን ሥርዓት በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ፊንላንዳዊ ወጣት ነው፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ብዙ ባለሙያዎች ተባብረው ያሻሽሉታል። የፈቃድ ክፍያ ሳንከፍል እንጠቀምበታለን። ነገር ግን በነፃ መገኘቱ ጠባቂ አያስፈልገውም ማለት አይደለም።

ወንድማችን ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲገባ አስቀድሞ ሌሊት የሆነውን ያነባል። ማሽኑ ያጋጠመውን ሁሉ ሎግ በሚባል መዝገብ ላይ ይጽፋልና። እንግዳ ሰው የይለፍ ቃል እየገመተ ለመግባት ሞክሮ እንደ ሆነ በዚያ ይታያል። ቀጥሎ ዲስኩ ምን ያህል እንደ ሞላ ይመለከታል፤ ጢም ብሎ ከሞላ አዲስ ጽሑፍ አይቀበልምና። የደኅንነት ማሻሻያ ሲወጣ ይጭናል፤ ሥራ የለቀቀ ሰው ቢኖር መግቢያውን ይዘጋል። መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱ ሳያልቅበት ሰርቨሩን በሥርዓት ያጠፋዋል፤ በድንገት ከጠፋ ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ግን ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በሙያው የታወቀው ደንብ 3 ቅጂ፣ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ፣ 1ዱም ከቢሮ ውጭ እንዲሆን ያዛል። ክሮን የሚባል ፕሮግራም በተወሰነለት ሰዓት፣ ሁሉ በተኛበት ሌሊት፣ ቅጂውን ያስጀምራል።

ይሁን እንጂ ቅጂ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ በመከራ ተምረናል። አንድ ጊዜ ዲስክ ተበላሸብን። ቅጂውን ስንከፍት የሦስት ወሩ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ በየሌሊቱ ይጻፋል ብለን ስናምን ማንም ከፍቶ አላየውም ነበር። በዚያ ሳምንት ልጅዋን አዝላ የመጣች አንዲት እናት፣ ስምዋ ከመዝገብ ስላልተገኘ፣ በር ላይ ቆማ ዋለች። ሠራተኞቻችንም ያንን ሁሉ ከወረቀት ላይ እንደገና ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ወንድማችን በየወሩ አንዱን ቅጂ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ይከፍታል፤ ስሞቹንም ከወረቀቱ ጋር ያስተያያል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያሉት አምስቱ ልባሞች፣ ሙሽራው ሲዘገይ ትርፍ ዘይት ነበራቸው። እኛ ማሰሮውን ይዘን ነበር፤ ዘይት እንዳለበት ግን አላየንም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ የይለፍ ቃላችሁን ለባልንጀራችሁ እንኳ አትስጡ። ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ። ያልተለመደ ነገር ስታዩም ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩት፤ ስሕተቱ የእናንተ ቢሆንም አትፈሩ።

ምእመናን ሆይ፣ ሁሉ ደኅና በሆነበት ቀን ይህን ወንድም የሚያስታውሰው የለም። እናንተ ግን በጸሎታችሁ አስቡት። ያቺ እናት ዳግመኛ በር ላይ እንዳትቆም የሚተጋ እርሱ ነውና።