«ስለዚህ» የምትለዋን ቃል እንጠይቃት

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ትምህርቶች አንዱ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው የስህተት ክርክሮችን ስም ሸምድዶ ፈተናውን ካለፈ በኋላ በፌስቡክ ያነበበውን ሁሉ ሳያላምጥ የሚውጥ ከሆነ ምኑን ተማረው? ሎጂክ የሚለመደው ሰው በሚጎዳበት እውነተኛ ጉዳይ ላይ ነው።

አንድ ጉዳይ እንውሰድ። በሮም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሜትሮ ቢ መስመር ላይ፣ ፖንቴ ማሞሎ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ስደተኞች ለዓመታት ጎጆ ቀልሰው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ኤርትራውያን ሲሆኑ ከዩክሬንና ከላቲን አሜሪካ የመጡም ነበሩበት። የካቲት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሳይታሰብ ጎበኟቸው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ግንቦት 3 ቀን፣ የከተማው አስተዳደር መንደሩን አፈረሰው። ብዙዎች እዚያው አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ አደሩ።

እንዲህ ሲሆን በየአገሩ የሚሰማ ክርክር አለ፦ «ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ይፈርሳል። እነዚህ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ሜዳ ላይ ቢወድቁ አግባብ ነው።» ሁለቱን መነሻዎች እንቀበል። ከእነሱ የሚወጣው መደምደሚያ «ስለዚህ ቤቶቹ ይፈርሳሉ» የሚለው ብቻ ነው። ሰዎቹ የት ይደሩ የሚለው በመነሻዎቹ ውስጥ ፈጽሞ የለም። «ስለዚህ» ያልተነሣን ጉዳይ በጓሮ በር አስገባች ማለት ነው። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ «ሕገ ወጥ ግንባታ» እየተባለ ቤት ሲፈርስ የሰማችሁትን ክርክር በዚሁ መዝኑት።

ሚዛኑ ግን ለእኛም ነው። «መንደሩ ፈረሰ፤ ስለዚህ ያፈረሱት አፍሪካውያንን ስለሚጠሉ ነው» የሚል ሰው ቁጣው ቢገባንም ክርክሩ አልተሟላም። ዩክሬናዊውም አብሮ ቤቱን አጥቷልና ሌላ ማስረጃ ማምጣት አለበት። ለወዳጅ ሲሆን የሚላላ፣ ለባላንጣ ሲሆን የሚጠብቅ ሚዛን ሎጂክ አይባልም።

ይህ ከፈረንጅ የተዋስነው ብልሃት ብቻ አይደለም። አባቶቻችን በ«በላ ልበልሃ» ሙግት ተሟጋችን በጥያቄ እያፋጠጡ ንግግሩን ከማስረጃው ጋር ያስተያዩ ነበር። ሕዝቡም ዙሪያውን ቆሞ እያዳመጠ ይማር ነበር።

እናም ወላጆችና መምህራን፣ ልጆቹ አንድ ዜና ሲያመጡላችሁ «ውሸት ነው» ወይም «እውነት ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ተናጋሪው ምን እንድናምን ፈለገ? መነሻው ምንድን ነው? መነሻውስ መደምደሚያውን ይሸከማል? በዚህ የሠለጠነ ወጣት በቀላሉ ለጥላቻ አይነዳም፤ ሜዳ ላይ የወደቀውን ሰውም በአንዲት «ስለዚህ» አልፎት አይሄድም።