ሮማን በእግር የሚጎበኝ ሰው ምን ያያል?

ሮማ የኢጣሊያ ዋና ከተማ ናት። ቲቤር የሚባለው ወንዝ በመካከሏ ያልፋል። ዕድሜዋ ከ2 ሺህ 700 ዓመት በላይ ነው ይባላል። በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን ሰው ሊያያት ይሄዳል። ከአገራችንም ለትምህርት፣ ለሥራ፣ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄደው ሰው ጥቂት አይደለም። ታዲያ የሄደ ሰው ምን ይመልከት? ያልሄድነውስ ምን እንወቅ? እስቲ አብረን እንይ።

በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያገኛሉ። «እንደ አውሮፓ አቆጣጠር» ማለት ነው።

ከባቡር ጣቢያው እንጀምር

ከአውሮፕላን ማረፊያው የተነሳ ባቡር ተርሚኒ ወደሚባለው ትልቅ ጣቢያ ይገባል። መንገደኛው ከጣቢያው ሲወጣ ሰፊ አደባባይ ያገኛል። ስሙ በሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ትርጉሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። እነማን ናቸው እነዚህ አምስት መቶዎች? እ.ኤ.አ. በ1887 በዶጋሊ ጦርነት ከራስ አሉላ ሠራዊት ጋር ተዋግተው የሞቱ የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። ብዙ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በአደባባዩ ያልፋል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን ቆም ብሎ ሰሌዳውን ያነባል።

ኮሎሲየም

ኮሎሲየም ሞላላ ቅርጽ ያለው ትልቅ የትርዒት ቦታ ነው። የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ80 ነው። ወደ 50 ሺህ ሰው ይይዝ ነበር። በዚያ ሰው ከሰው፣ ሰውም ከአውሬ ጋር ይዋጋ ነበር። ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹ ባሮችና የጦር ምርኮኞች ነበሩ። ለተመልካቹ ጨዋታ ነው፤ ለእነሱ ግን ሞት ነበር።

ሕንጻው 80 በሮች ነበሩት። በአብዛኞቹ ላይ ቁጥር ተቀርጾ ነበር። ተመልካቹ የበሩን ቁጥር አይቶ ይገባል። ሰው ሳይጋፋ ገብቶ ሳይጋፋ ይወጣል። ከቁጥሮቹ አንዳንዶቹ ዛሬም ከበሮቹ በላይ ይነበባሉ።

ከኮሎሲየም አጠገብ የቲቶ ቅስት በር አለ። ቀና ብለው ውስጡን ይመልከቱ። ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጿል። መቅረዙ እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌም ስትወድቅ ከቤተ መቅደሱ የተዘረፈ ነው። የሮማ ነገሥታት ከሌላው አገር የወሰዱትን አልደበቁም። በአደባባይ አሳዩት እንጂ።

ከሰው አገር የመጡ ሐውልቶች

በሮማ 13 ጥንታዊ ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። ብዙዎቹ በመርከብ ከግብጽ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚረዝመው በላተራኖ አደባባይ ያለው ነው። 32 ሜትር ያህል ይሆናል።

የእኛም ነበረበት። ፋሽስቶች አገራችንን በወረሩ ጊዜ አክሱም ላይ ወድቆ የተሰባበረውን አንዱን ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ ወሰዱት። ቁመቱ 24 ሜትር ነው። ክብደቱ ከ150 ቶን ይበልጣል። ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንጻ ፊት ለፊት አቆሙት።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል የወሰደችውን ለመመለስ ቃል ገባች። ነገር ግን ዓመታት አለፉ። ሐውልቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ቃሉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበርና ኢትዮጵያውያን ውሉን እየጠቀሱ መጠየቃቸውን አላቆሙም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2008 እዚያው ቆመ። ስለዚህ ዛሬ ሮማ የሄደ ሰው ቢፈልገው አያገኘውም። ይህም ደስ ይላል።

የአበበ ቢቂላ መንገድ

በኮሎሲየም አጠገብ ሌላ ትልቅ ቅስት በር አለ። የቆስጠንጢኖስ ቅስት ይባላል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ አበበ ቢቂላ የኦሎምፒክን ማራቶን ያሸነፈው እዚህ ነው። በማግሥቱ አዲስ ዓመታችን ነበር። አበበ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው። መንገዱ ጨልሞ ስለነበር ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው ነበር። በዚያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ገና ሮማ ነበር። አበበም በአጠገቡ አልፎ ሮጠ። ሩጫውን የጨረሰው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነው። ከዚያ በፊት ማራቶንን በዚህን ያህል ፍጥነት የሮጠ ሰው አልነበረም።

የፊደላችን ነገር

ቫቲካን በሮማ ውስጥ ያለች ትንሽ መንግሥት ናት። ከትልቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ድሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚያርፉበት ቦታ ነበር። አንድ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከኢትዮጵያውያን ግዕዝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1513 የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በሮማ አሳተመ። በፊደላችን በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። እርስዎ አሁን የሚያነቧቸው «ሀ»ና «ለ» በእርሳስ ሳይሆን በማተሚያ መጻፍ የጀመሩት በሮማ ነው ማለት ነው።

ለሄደ ሰው የሚጠቅም ምክር

አንደኛ፣ ጥሩ ጫማ ያድርጉ። መንገዱ ብዙ ቦታ በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ እግር ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ውኃ አይግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ አለ። ገንዘብ አይከፈልበትም። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ አፍ ይፈናጠራል።

ሦስተኛ፣ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲሄዱ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ያለዚያ ከበር ይመለሳሉ።

አራተኛ፣ በአውቶቡስና በግርግር ቦታ ኪስዎን ይጠብቁ። ሌባ የትም አለ።

አምስተኛ፣ በአሮጌ ግንብ ላይ ስምዎን አይጻፉ። መጻፍ ማወቅ ለዚህ አይደለም። በሕግም ያስቀጣል።

ቋንቋው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንብዎትም። ፌርማታ፣ ማኪያቶ፣ ፓስታ፣ ጎማ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማኪያቶ ሲጠጡ ግን ቆመው ይጠጡ። ወንበር ላይ ከተቀመጡ ብዙ ጊዜ ዋጋው ይጨምራል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የአክሱም ሐውልት ስንት ዓመት በሮማ ቆየ? ደምሩና ቀንሱ።
2. በጽሑፍ የሰፈረ ውል በቃል ብቻ ከተነገረ ውል በምን ይሻላል?
3. በአካባቢያችሁ እንግዳ ሊያየው የሚገባ ቦታ የትኛው ነው? ታሪኩን ጠይቃችሁ በአምስት መስመር ጻፉ።