ማስተርስ ለሕክምና መሰላል ይሆናል?

እኔ ዘንድሮ የምመረቅ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ለሕክምና ሳይበቃ ቀርቶ እዚህ ዲፓርትመንት ብመደብም ሐሳቡ ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ «መጀመሪያ በሕክምና ፊዚዮሎጂ ማስተርስ ልሥራና ከዚያ ሕክምና እገባለሁ» ብዬ አቀድኩ። አቃቂ ቤታችን ቡና ተፈልቶ ይህንን ሳወራ እማዬ ዝም ብላ ሰምታኝ፣ «ሁለት ዓመት ተምረሽ ስትጨርሺ ሰው ታክሚያለሽ?» አለችኝ። «አይ» አልኳት። «ታዲያ ምን ይጠቅምሻል?» መልስ አጣሁ። በርካታ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ሐሳብ ስላላቸው ያጣራሁትን ላካፍላችሁ።

እንደሚታወቀው በአሜሪካ ሕክምና የሚማር ሰው አስቀድሞ ኮሌጅ ይጨርሳል። ውጤቱ ዝቅ ያለበት ተመራቂ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ልዩ ማስተርስ ተምሮ ብቃቱን ለማሳየት ይሞክራል። ክፍያው ከባድ ነው፤ መግባቱም ዋስትና የለውም። በእኛ አገር ግን የሕክምናው መደበኛ መንገድ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራል። በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂ ወይም በባዮኬሚስትሪ የሚሰጠው ማስተርስ መምህርና ተመራማሪ ያፈራል እንጂ የማከም ፈቃድ አያሰጥም።

ዲግሪ ላለው ሰው በር ተከፍቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. መንግሥት በ13 ተቋማት በጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም የተፈጥሮና የጤና ሳይንስ ምሩቃን ገብተዋል። ልብ በሉ፣ የተጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ነበር፤ ማስተርስ አልነበረም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዕድል በወጣ ጊዜ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ዕድሜውንና የቤተሰቡን ገንዘብ ጨመረ እንጂ መንገዱን አላሳጠረም። የሐኪም ኑሮም ቢሆን አልጋ በአልጋ አይደለም፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር።

ታዲያ ማስተርስ አይረባም? ይረባል፣ ግን ለራሱ ሲፈለግ ነው። ለምሳሌ ሰፈራችንን እንይ። በአቃቂ ወንዝ ውኃ በሚለማ ጎመንና ሰላጣ ላይ ተመራማሪዎች እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ይህንን ያወቅነው ናሙና ለቅመው ላቦራቶሪ ውስጥ በለኩ ሰዎች ድካም ነው። ስንቱን ቤተሰብ ከሕመም ሊጠብቅ የሚችል ሥራ ነው!

በመሆኑም ከመመዝገባችሁ በፊት ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አንደኛ፣ ሕክምና ባልገባ በዚህ ማስተርስ ደስ ብሎኝ እሠራበታለሁ? ሁለተኛ፣ የምፈልገው የሕክምና ትምህርት ቤት ማስተርስ ይጠይቃል ወይ? (ሬጅስትራር ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ የካፌ ወሬ አትመኑ።) ሦስተኛ፣ ሁለቱን ዓመት ማን ይሸከመኛል?

እኔ ለመጀመሪያው ጥያቄ በፊዚዮሎጂ «አይ» ብያለሁ፣ ስለዚህ ትቼዋለሁ። ለምሩቃን የሕክምና ምዝገባ ከወጣ እፈተናለሁ። ካልወጣ ደግሞ በአካባቢ ሳይንስ አመልክቼ የወንዛችንን ውኃ አጠናለሁ። ለእማዬም ነገርኳት። «እሱስ ይገባኛል፤ ጎመኑን የምንበላው እኛ ነን» አለችኝ።