ሞተሩ ሲቆም ነዳጁም ይቁም፦ በግል በሚሠሩ መኪናዎች የነዳጅ ፓምፕ ዝርጋታና የደህንነት ማቋረጫዎች

አንድ መኪና ተጋጭቶ ሞተሩ ከቆመ በኋላ የነዳጅ ፓምፑ መሥራቱን ከቀጠለ፣ ከተበጠሰ ቱቦ የሚፈሰው ቤንዚን ቀላሉን ግጭት ወደ ቃጠሎ ሊለውጠው ይችላል። በፋብሪካ የሚመረቱ መኪናዎች ይህን የሚከላከል ሥርዓት ተገጥሞላቸው ለገበያ ይቀርባሉ። በግለሰቦች ተገጣጥመው የሚሠሩ መኪናዎች ግን ይህን ጥበቃ የሚያገኙት ሠሪው አስቦበት ከዘረጋው ብቻ ነው።

በግል መኪና የመሥራት ልምድ ከዳበረባቸው አገሮች አንዷ ብሪታንያ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን የተሰኘው መኪና ደንበኞች ክፍሎቹን ገዝተው ራሳቸው እንዲገጣጥሙት ጭምር ይሸጥ ነበር። አገሪቱ እንዲህ ያሉ መኪናዎች ከመመዝገባቸው በፊት አንድ በአንድ የሚመረመሩበትን ሥርዓት በ1998 የዘረጋች ሲሆን፣ ይኸው ሥርዓት በ2009 በአዲስ የምርመራና የማጽደቂያ ሥርዓት ተተክቷል። የዚህ ዓይነቱ ምርመራ አስፈላጊነት በተለይ ጎልቶ ከሚታይባቸው የመኪና ክፍሎች አንዱ የነዳጅ ሥርዓቱ ነው።

ካርቡራተር ባላቸው የቆዩ ሞተሮች ላይ ፓምፑን በአብዛኛው የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ራሱ ነው። በመሆኑም ሞተሩ ሲቆም ፓምፑም ይቆማል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ሲተካ ግን ይህ ተፈጥሯዊ ጥበቃ ይጠፋል። ፓምፑ በተለምዶ ኳድሮ ከሚባለው የማስነሻ ቁልፍ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ፣ ሞተሩ ቢጠፋም ቁልፉ እስካልተዘጋ ድረስ ነዳጅ መግፋቱን አያቋርጥም። በግጭት የተጎዳ ወይም ራሱን የሳተ አሽከርካሪ ደግሞ ቁልፉን ይዘጋል ተብሎ አይጠበቅም።

የአደጋውን መጠን በአኃዝ ማየት ይቻላል። በሰዓት 120 ሊትር የሚገፋ የኢንጀክሽን ፓምፕ በደቂቃ 2 ሊትር፣ ማለትም 1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ቤንዚን ያፈሳል። በአንጻሩ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 34 ከግጭት ሙከራ በኋላ የሚፈቅደው የማያቋርጥ ፍሳሽ በደቂቃ ከ30 ግራም ያልበለጠ ነው። ይህም ማለት ያልተቋረጠ ፓምፕ ከተፈቀደው መጠን 50 እጥፍ ያህል ሊያፈስ ይችላል ማለት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ከመኪናው ሥር ይጠራቀማል፤ ለመቀጣጠልም አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች።

ትክክለኛው ዝርጋታ የሚጀምረው ከሪሌ ነው። በሪሌው ላይ በቁጥር 30 የተመለከተው ጫፍ በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ ቁጥር 87 ከፓምፑ ጋር ይገናኛሉ። ቁጥር 85 እና 86 ደግሞ ሪሌውን የሚያዘው አነስተኛ ኃይል የሚያልፍባቸው ናቸው። በዚህ መንገድ የፓምፑ ከፍተኛ ኃይል በማስነሻ ቁልፉ ውስጥ ማለፉ ይቀራል። ፊውዙ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጥበቃ የለውምና። ይሁንና ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ከመቃጠል እንጂ ነዳጁን ከመፍሰስ አለመሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። ሽቦው ጤናማ እስከሆነ ድረስ ፊውዙ ሳይቃጠል ፓምፑ ቤንዚን ሊያፈስ ይችላል።

በመሆኑም ለሪሌው የሚሰጠው ትእዛዝ ከሞተሩ መዞር ጋር መያያዝ ይኖርበታል። በኢንጀክሽን ሞተሮች ይህን ሥራ የሚያከናውነው መቆጣጠሪያ ኮምፒውተሩ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑን በአብዛኛው ለ2 ሰከንድ ያህል ብቻ ካሠራ በኋላ፣ ሞተሩ መዞሩን የሚያመለክት ምልክት ካልደረሰው ያቋርጠዋል። ካርቡራተር ባላቸው ሞተሮች የማቀጣጠያውን ምት የሚከታተል ልዩ ሪሌ ወይም የዘይት ግፊት ሲጠፋ የሚያቋርጥ ማብሪያ መጠቀም ይቻላል። የዘይት ግፊት ማብሪያ በተመረጠ ጊዜ፣ ግፊቱ እስኪፈጠር ድረስ ፓምፑ ከሞተሪኖው መስመር ኃይል እንዲያገኝ ይደረጋል።

ሁለተኛው ጥበቃ በግጭት ጊዜ የሚሠራው ማቋረጫ ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ በማግኔት የተያዘች የብረት ኳስ ያለች ሲሆን፣ ኃይለኛ ግጭት ሲደርስ ከማግኔቱ ተላቃ መስመሩን ታቋርጣለች። መሣሪያው ከመኪናው አካል ጋር በጽኑ መታሰርና አምራቹ ባመለከተው አቅጣጫ መቆም አለበት። የሪሌው መገናኛዎች በሙቀት ተጣብቀው ቢቀሩ የትእዛዝ መስመሩን ማቋረጥ ብቻ ፓምፑን አያቆመውም። ስለዚህ ማቋረጫው የፓምፑን ኃይል የመሸከም አቅም ካለው በዋናው መስመር ላይ ቢገጠም ይመረጣል። ከግጭት በኋላ መልሶ ማስጀመሪያው ቁልፍ የሚጫነው የነዳጅ መስመሩ አለመፍሰሱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

በውድድር መኪናዎች ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጥበቃ ይታከላል። ይኸውም የኤሌክትሪክ መስመሮችን በሙሉ የሚያቋርጥና ሞተሩንም የሚያጠፋ ዋና ማቋረጫ ነው። የአደጋ ሠራተኞች ከውጭ ሆነው እንዲያገኙት ቦታው በሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ላይ በተሣለ ቀይ የብልጭታ ምልክት ይጠቆማል።

በአገራችን በ2002 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 የተሽከርካሪ ምርመራንና ምዝገባን የሚመለከት ነው። በወጣቶች የፈጠራ ሥራ የሚቀርቡ መኪናዎችንም ሆነ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የተገጠመላቸውን የቆዩ መኪናዎች የሚመረምር ባለሙያ ሁለት ቀላል ፍተሻዎችን ማድረግ ይችላል። የመጀመሪያው ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍቶ የፓምፑን ድምፅ ማዳመጥ ሲሆን፣ ድምፁ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መቆም አለበት። ሁለተኛው ሞተሩ እየሠራ የግጭት ማቋረጫውን እንዲያቋርጥ ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ፓምፑ ወዲያውኑ፣ ሞተሩም ብዙ ሳይቆይ መቆም ይኖርባቸዋል። ካርቡራተር ያለው ሞተር በውስጡ በቀረው ነዳጅ ጥቂት ሊሠራ ስለሚችል፣ በዋናነት መታየት ያለበት የፓምፑ መቆም ነው።

ሁለቱም ፍተሻዎች ውድ መሣሪያ የማይጠይቁና በጥቂት ደቂቃዎች የሚጠናቀቁ ናቸው። አንዱን ያላለፈ መኪና ውጫዊ አሠራሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጉድለቱ ሳይታረም ወደ መንገድ ሊወጣ አይገባም።