ስለ ላይኛው መንጋጋ ጥርስ ተከላና ስለ ደም አርጊ ሕዋሳት ረዳትነት

ጥርስ እህልን ለማድቀቅ፥ ቃልን አጥርቶ ለመናገርና ለመልክ ውበት የተሰጠን ሀብት ነው። ይልቁንም የኋላው መንጋጋ ጥርስ የወፍጮን ሥራ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ እርሱን ያጣ ሰው ቆሎም ሆነ ሥጋ እንደ ልቡ ለመብላት ይቸገራል። ብዙ ሰዎች ግን «ከውጭ አይታይም» በማለት ወልቆ ሲቀር ቸል ይሉታል። ይህ ቸልተኝነት የሚያስከትለውን ጉዳትና የዛሬው ሕክምና የሚሰጠውን መፍትሔ በዚህ ወር ጽሑፋችን ለማስረዳት እንወዳለን።

ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ፥ በአፍንጫ ግራና ቀኝ፥ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላው ባዶ ክፍል አለ። ጥርስ በቦታው ሳለ የማኘክ ኀይል አጥንቱን ሲያጠነክረው ይኖራል። ጥርሱ በወለቀ ጊዜ ግን አጥንቱ ሥራ ፈት ስለሚሆን እየሳሳ ይሄዳል፤ ሳይነሱም ወደ ታች እየሰፋ ይመጣል። ከዓመታት በኋላ የሚቀረው አጥንት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሳሳ ግድግዳ ላይ የተመታ ችንካር እንደማይጸና ሁሉ፥ በእንዲህ ያለ አጥንት ላይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊጸና አይችልም።

ቲታኒየም የተባለው ብረት ከሕያው አጥንት ጋራ እንደሚዋሐድ ተረድተው፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. በሰው መንጋጋ ላይ ጥርስ የተከሉት ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮነማርክ ናቸው። አጥንቱ ለሳሳባቸው ሰዎች ደግሞ የሳይነስን ወለል ከፍ አድርጎ አጥንት የመሙላትን ዘዴ ቦይንና ጄምስ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1980 ዓ.ም. በጽሑፍ አስታወቁ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ በሳይነሱ የጎን አጥንት ላይ ትንሽ መስኮት ያበጃል። ከውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ሳይቀድድ በጥንቃቄ ወደ ላይ ያነሣዋል። ከሥሩ በተገኘው ክፍተትም ከሕመምተኛው ከራሱ የተወሰደ፥ ወይም ከከብት አጥንት ተጣርቶ የተዘጋጀ፥ ወይም በፋብሪካ የተሠራ የአጥንት ምትክ ይሞላል። የቀረው አጥንት በቂ ከሆነ ብሎኑ በዚያው ቀን ይተከላል፤ አለዚያ አዲሱ አጥንት እስኪጠነክር ስድስት ወር ያህል መጠበቅ ያሻል።

አሁን ወደ ደም አርጊ ሕዋሳት እንመለስ። እነዚህ ፕላትሌት የሚባሉት ሕዋሳት በጤነኛ ሰው በአንድ ሚሊሜትር ኩብ ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይደርሳሉ። ሥራቸው ደምን አርግቶ መፍሰሱን ማቆምና ቁስል እንዲሽር የሚያነቃቁ ንጥረ ነገሮችን ማፍለቅ ነው። በ2001 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዶክተር ሹክሩን የገለጹት ዘዴ ቀላል ነው። ከሕመምተኛው ክንድ ጥቂት ደም ተቀድቶ፥ ማርጊያ ተከላካይ መድኃኒት ሳይጨመርበት፥ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ይዞራል። ቀዩ ደም ከታች ይዘቅጣል፤ በመካከል የሚገኘው ፋይብሪን የተባለ የረጋ ክፍል ሕዋሳቱን ያዘለ ነው። ይህም ከአጥንቱ ምትክ ጋራ ተቀላቅሎ ይገባል።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በአጥንት በተሞላ ሳይነስ ላይ ከተተከሉት ጥርሶች ከመቶው ዘጠና የሚያህሉት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጸንተው ይገኛሉ። ደም አርጊው የቁስሉን መሻር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያግዝ ይችላል፤ ነገር ግን የተከላውን ዕድሜ በግልጽ እንደሚያስረዝም በብዙ ጥናቶች ንጽጽር አልተረጋገጠም። ስለዚህ ጥሩ ረዳት እንጂ ዋስትና አይደለም። ይህን ሳያውቅ ለዚሁ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፥ የተከላውን ዕድሜ የገዛ መስሎት እንዳይታለል ልናሳስበው እንወዳለን።

የተከላውን ዕድሜ በእጅጉ የሚወስኑት የሚከተሉት ናቸው፤

1ኛ/ ከመተከሉ አስቀድሞ የድድ በሽታ ካለ መታከም፤
2ኛ/ ሲጋራ ማጨስን መተው፤
3ኛ/ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ስኳሩን በሐኪም ምክር መቆጣጠር፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም አስቀድሞ ማስታወቅ፤
4ኛ/ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ በኀይል አለመናፈጥ፥ ማስነጠስ ሲመጣም አፍን ከፍቶ ማስነጠስ፤
5ኛ/ የተተከለውን ጥርስ ከነድዱ ዳር በየቀኑ ማጽዳት፥ በቀጠሮም መታየት።

የተተከለ ጥርስ አይነቅዝም፤ ነገር ግን ዙሪያው ከቈሸሸ ድዱ ይቈስላል፥ አጥንቱም ይበላል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ተፈጥሮ የሰጠችንን ጥርስ መጠበቅ ነው። ንጹሕ መፋቂያ ወይም ብሩሽ ይዞ ጧትና ማታ የሚያጸዳ፥ የታመመ ጥርሱንም ሳይውል ሳያድር የሚያሳክም ሰው፥ ይህን ሁሉ ድካምና ወጪ ሊያተርፍ ይችላል። ወላጆችም ይህን ልማድ ለልጆቻቸው ከሕፃንነት ጀምረው እንዲያስተምሩ አደራ እንላለን።