ራጅ የተሰበረ አጥንትን እንዴት ያሳያል?

በኩታበር ዳገት ላይ ሰው ወድቆ እግሩ ቢሰበር፣ ስብራቱ ከሥጋ በታች ስለሆነ አይታይም። ወጌሻ በእጁ ዳብሶ ይገምታል፤ ራጅ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እንዴት? የራጅ ጨረር ሥጋን ዘልቆ ያልፋል። አጥንት ግን ብዙውን ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አጥንቱ ነጭ፣ ሥጋው ጠቆር ብሎ ይታያል። ይህን ጨረር በ1888 ዓ.ም. ያገኘው ሮንትገን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ነው።

ዛሬ ሊቃውንት ለጎደለ አጥንት መሙያ ይሠራሉ። መሙያው እንደ እንጀራ ዓይን አለው። አዲስ አጥንት በዓይኖቹ ገብቶ ማደጉን፣ ሥጋ ሳይቀዱ በራጅ ያዩታል።

እንግዲህ አጥንት ሲሰበር ግምት ብቻ አይበቃም። ማሰሪያው በጣም ከጠበቀ ደም ይቆማል፤ እግርም ይሞታል። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን እናላላ፤ ሰውየውንም ሳይውል ሳያድር ደሴ ሆስፒታል እናድርሰው።